ለተንቀሳቃሽ የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን በአካባቢ ዕቃ የሚሠሩ ማሻሻያዎች

በኮምቦልቻ ለባሕር ዛፍ አምራች አርሶ አደሮችና ለእንጨት ሥራ ማኅበራት ከቀረበ ገለጻ



ስለ መሰንጠቂያ ማሽን በተነጋገርን ቁጥር መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛውን እንግዛ?» የሚል ነው። ዛሬ እሱን እንተወዋለን። የምንነጋገረው አሁን በእጃችሁ ባለው ማሽን ዙሪያ ከአሮጌ ብረት ተራ በተገዛ ፌሮና ባሌስትራ፣ በአንድ ጎበዝ በያጅ እጅ ስለምትጨምሯቸው ነገሮች ነው። አንዳንዶቹ የብረት ሥራም አይፈልጉም፤ አንድ ጣውላ፣ አንድ ጀሪካን፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ ይበቃቸዋል።

እዚህ የተቀመጣችሁት ሁለት ዓይነት ማሽን ያላችሁ ናችሁ። አንደኛው ባንድሶ የምንለው ነው። ምላጩ እንደ ቀበቶ ሆኖ በሁለት መዘውሮች ላይ ይዞራል፤ ግንዱ አልጋው ላይ ተኝቶ የማሽኑ ራስ በሀዲድ ላይ እየተገፋ ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛው የሞተር መጋዝ ላይ የብረት ማዕቀፍ ታስሮለት ጣውላ የሚያወጣው ነው። የምናገረው አብዛኛው ለሁለቱም ይሆናል፤ ለአንዱ ብቻ ሲሆን እለየዋለሁ።

ማሽኑ ግንዱ ወዳለበት መሄዱ ለእኛ ተራራ ትልቅ ነገር ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውሃ ጋር ይቀራረባል። ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ ግንድ ከ2 ኩንታል ያልፋል። ይህን ከገደል ጫፍ አውርዶ መንገድ ማድረስ ስለሚከብድ ነው ስንት ወፍራም ዛፍ እዚያው ተፈልጦ በማገዶ ዋጋ የሚሸጠው። ቀጭኑ አጣና ሆኖ ደህና ዋጋ እያወጣ፣ ስንት ዓመት የተጠበቀው ወፍራሙ ማገዶ ሲሆን ያስቆጫል።

ማሽኑ ከመጣም በኋላ ግን የሚወጣው ጣውላ ብዙ ጊዜ የተጣመመ፣ መሃሉ ወፍሮ ጫፉ የቀጠነ ይሆናል። ነጋዴው በዓይኑ ለክቶ ዋጋውን ይጥለዋል። ባለማሽኑም ሞተሩን ይወቅሳል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ላይ ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም። ግንዱ ይነቃነቃል፤ አልጋው ውሃ ልክ አይደለም፤ ማገላበጥ ስለሚያደክም ግንዱ ሳይገለበጥ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ገንዘባችሁን በመጀመሪያ እነዚህ ላይ አውሉት የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሞተሩ

ስለ ሞተሩ ሳልናገር ባልፍ ስለማትለቁኝ እሱን ላስቀድም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሞተር ልዩነቱን ያውቀዋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 13 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠላችሁ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ከ11 በታች፣ ደሴ ላይ ከ10 በታች ነው ማለት ነው። ቃሉ ላይ ጎበዝ የነበረ ማሽን ጦሳ ግርጌ ሲወጣ ቢያቃስት አብሽሩ፣ አልተበላሸም።

እዚህ ላይ የሚመጣው ፈተና የሞተሩን የፍጥነት መገደቢያ ፈትቶ ከተወሰነለት በላይ ማስጮህ ነው። ይህን አታድርጉ። ሞተሩ ዕድሜው ያጥራል፤ ከዚያ የከፋው ግን ምላጩና መዘውሮቹ ለዚያ ፍጥነት አለመሠራታቸው ነው። ደጋ ላይ ሞተሩ ሲደክም መድኃኒቱ ምላጩን መሳልና ቀስ ብሎ መግፋት ነው።

የቤንዚን ሞተር ላይ አንድ ተገቢ ማስተካከያ አለ። ጥቁር ጭስ ካወጣ፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት ከለበሰ፣ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ በዝቷል። መካኒኩ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ የናስ ቁራጭ ቀዳዳዋ በጠበበች ሌላ ይቀይራታል። የድሮዋን ግን በጨርቅ ቋጥራችሁ አስቀምጡ። ማሽኑ ወደ ቆላ ሲወርድ መመለስ አለባት፤ ካልተመለሰች ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።

ሌላው ፊልትሮው ነው። ሰጋቱራ የሚወጣበት በኩል ከሆነ በግማሽ ቀን ይደፈናል። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የምታህል ላሜራ እንደ ግድግዳ ብታቆሙ፣ ሰጋቱራውን ወደ ሌላ ጎን የሚያወርድ አሸንዳም ብትሠሩ፣ ሞተሩም የእናንተም ሳንባ ያርፋል። የተጠራቀመው ደርቆ ለሰጋቱራ ምድጃ ይሆናችኋል።

ግንዱን ማገላበጥ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ባሕር ዛፍ እንደ ጥድ ዝም ብሎ የሚሰነጠቅ እንጨት አይደለም። ቆሞ ሲያድግ ውጨኛው ክፍሉ እንደ ተወጠረ ጠፍር ይሆናል፤ ልቡ ደግሞ እንደ ታመቀ ስፕሪንግ ነው። ሁለቱ እስካልተነኩ ተመዛዝነው ይኖራሉ። ዛፉ ሲቆረጥ ጫፉ በኮከብ ቅርጽ የሚሰነጣጠቀው ያ ውጥረት ሲለቀቅ ነው።

እናንተ ከላይ አንድ ጣውላ ስታነሱ የተወጠረውን ከአንድ ወገን ብቻ ቆረጣችሁ ማለት ነው። የወጣው ጣውላ ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። የቀረው ግንድ ደግሞ የታችኛው ጠፍር ብቻውን ይስበውና መሃሉ ይጎብጣል። ምላጩ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ግንዱ ግን መሃሉ ተነስቷል። ቀጣዩ ጣውላ መሃሉ ወፍራም፣ ሁለት ጫፉ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። ነጋዴው የሚጥለው ጣውላ ይኸው ነው፤ ሞተር ቢቀየር አይስተካከልም።

መፍትሔው ከአንድ ወገን አንድ ወይም ሁለት ጣውላ አውጥቶ ግንዱን በጀርባው መገልበጥ፣ ከዚያኛውም ወገን የዚያኑ ያህል ማውጣት፣ እንደገና መመለስ ነው። ውጥረቱ ከሁለቱም ወገን እኩል እየተለቀቀ ይሄዳል። ልቡን የያዘውን የመሃል ክፍል ደግሞ ቀጭን ጣውላ ለማድረግ አትታገሉ፤ መሰንጠቁ አይቀርም። ወፍራም ቋሚ ወይም ሞራሌ አድርጋችሁ ተዉት።

ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማታደርጉት ከ2 ኩንታል በላይ የሆነን ግንድ በእጅና በዲጂኖ ስድስት ጊዜ መገልበጥ ወገብ ስለሚቆርጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሠሩት ዕቃ ማገላበጫ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የወይራ እጀታ ወይም ወፍራም የብረት ቱቦ ውሰዱ። ከታችኛው ጫፍ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብላችሁ አቋርጦ የሚያልፍ ብሎን ግጠሙ። ከ16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ወይም ከአሮጌ ባሌስትራ ቁራጭ እንደ ማጭድ የጎበጠ መንጠቆ ይሠራና በብሎኑ ላይ ይንጠለጠላል። ብሎኑ አይጥበቅ፤ መንጠቆው ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ አለበት፤ ግንዱ ሲወፍር ይከፈታል፣ ሲቀጥን ይዘጋል። የመንጠቆው ጫፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ይሾላል። ግንዱን ነክሶ ሲይዝ እጀታውን ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ የእጀታው ርዝመት ሥራውን ይሠራላችኋል። ባሌስትራ ከሆነ ብረት ሠሪው አግሎ ከጎበጠ በኋላ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብረድ፤ በውሃ ድንገት ከቀዘቀዘ ጭነት ሲበዛበት እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ሁለት ሥሩ፤ ረጅም ግንድ በሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ሲያዝ እንደ ልጅ ይታዘዛል።

ግንዱን አልጋው ላይ ለማውጣትም በትከሻ አትሸከሙት። ሁለት ጠንካራ አጣና አጋድማችሁ መወጣጫ አድርጉ። ሁለት ገመድ ከአልጋው በወዲያኛው ወገን አስራችሁ፣ በግንዱ ሥር አሳልፋችሁ፣ በላዩ መልሳችሁ ጫፉን ከወዲያ ማዶ ሆናችሁ ሳቡት። ግንዱ ራሱ እንደ መዘውር ስለሚሽከረከር የምትስቡት ክብደት በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ሰው ብቻ፣ ከጎን ሆኖ፣ ግንዱ አንድ እርምጃ በወጣ ቁጥር ከኋላው ሽብልቅ ያስገባል። ከግንዱ በታች ቁልቁለቱ ላይ ማንም አይቁም። ልጆች በተለይ።

መያዣው

ግንዱ ከተመቻቸ በኋላ እንዳይነቃነቅ መያዝ አለበት። በአንድ ወገን ቋሚ መደገፊያ፣ በሌላው ወገን የሚገፋ መያዣ ያስፈልጋል። ቋሚውን ከአንግል ብረት ታሠሩታላችሁ፤ የሚገፋውን ከባሌስትራ ቁራጭ ጫፉን አሹላችሁ በትልቅ ብሎንና ዳዶ ወደ ግንዱ እንዲጠብቅ አድርጉ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። የመጨረሻዎቹ ጣውላዎች ላይ ስትደርሱ ምላጩ ዝቅ ይላል፣ መያዣው ደግሞ ከፍ ብሎ ቆሟል። የራሱን መያዣ የቆረጠ ምላጭ ስንት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ብረት የነካ ምላጭ ጥርሱ ይበላል፣ ወይም ተበጥሶ ይወረወራል። ስለዚህ የመያዣዎቹን የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር ከብረት ሳይሆን ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት አድርጓቸውና በቀይ ቀለም ቀቧቸው። ምላጩ ሳታዩ ቢደርስበት እንኳ እንጨት ቆረጠ እንጂ ምንም አልሆነም፤ ነገ ሌላ እንጨት ትተክላላችሁ።

አልጋው

የኛ መሬት ሜዳ የለውም። ማሽኑ በተዛወረ ቁጥር ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ማስተካከል ግማሽ ቀን ይበላል፤ ከሰዓት በኋላም ድንጋዩ ይሰምጣል። በአልጋው እግሮች ሥር ትልልቅ ዳዶ አስበይዳችሁ ረጅም ብሎን ብታስገቡ፣ ከብሎኑ ሥር ሰፋ ያለ የእንጨት ጫማ ብታደርጉ፣ በቁልፍ እየዞረ ከፍና ዝቅ ይላል። አሮጌ የመኪና ክሪክ ያላችሁ ደግሞ መሃል ላይ አንድ ብታደርጉ አልጋው በግንዱ ክብደት አይረግብም።

ውሃ ልክ አግድም በየሁለት ሜትሩ ያዙ። ርዝመቱን ግን ውሃ ልክ ብቻ አይነግራችሁም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥራችሁ ሀዲዱ መሃሉ እንዳልረገበ እዩ። ሀዲዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ከረገበ ጣውላው ላይ ያው ይወጣል። የሞተር መጋዝ ከማዕቀፍ ጋር የምትጠቀሙ ደግሞ የመጀመሪያው ቆረጣ የሚመራበት ቀጥ ያለ መሪ ያስፈልጋችኋል። ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ወይም ሁለት የደረቀ ሞራሌ በእስኳድራ ተገጣጥሞ ግንዱ ላይ ይቸነከራል፤ ሚስማሩ ግን ምላጩ ከሚያልፍበት በላይ ይቅር።

መለኪያዋ ጣውላ

ይቺ ከሁሉ ርካሿ ናት። አብዛኛው ሰው የ2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ሲፈልግ ራሱን 2 ሳንቲ ሜትር ያወርዳል፤ ከዚያ ጣውላው ለምን እንደ ሳሳ ይገርመዋል። ምላጩ ራሱ የሚበላውን ረስቷል። ባንድሶ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የሞተር መጋዝ ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። በዚያ ላይ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በስፋቱ ከ10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ደርቆ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን እርጥቡን 2.2 አድርጋችሁ ቁረጡ። ሁለቱን ስትደምሩት ባንድሶው በየጊዜው 2.5 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት።

ይህን በየጊዜው በጭንቅላት ከማስላት፣ አንድ ቀጭን ጣውላ ላይ በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ በመጋዝ ጫር ጫር አድርጋችሁ ራሱ የሚወርድበት ምሰሶ ላይ ቸንክሯት። ከራሱ ላይ አንዲት ሽቦ እንደ ጣት ትጠቁም። መጻፍና ማንበብ የማያውቅ ረዳት እንኳ ከጭረት ወደ ጭረት ያወርዳል። በሌላኛው ገጿ ላይ ለሞራሌ የሚሆነውን ልክ አድርጉና እንዳስፈላጊነቱ ገልብጧት።

የማሽኖቹ ልዩነት ራሱ እዚህ ይታያል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተጠረበ ግንድ ባንድሶ እንዲህ ያለ 12 ጣውላ ሲያወጣ፣ የሞተር መጋዝ 9 ብቻ ያወጣል። ሦስቱ ሰጋቱራና ቁራጭ ሆነዋል። የሞተር መጋዝ ላላችሁ ምክሬ ወፍራሙን፣ ቋሚውንና ሞራሌውን አውጡበት፤ በቀጭን ጣውላ ከባንድሶ ጋር አትወዳደሩ የሚል ነው።

ውሃው

የባሕር ዛፍ ሙጫ ምላጩ ላይ ሲደርቅ ምላጩ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ከዚያ መስመር ይስታል። ባለ5 ሊትር ጀሪካን ከራሱ በላይ ስቀሉና ከፋርማሲ የሚገዛውን አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ግጠሙለት። መቆጣጠሪያዋ መዘውር ጠብታውን በትክክል ትለካለች። የሚበቃው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነው፤ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ ቢልበት ሙጫውን ያላቅቃል። ከበዛ እርጥቡ ሰጋቱራ በምላጩና በመዘውሩ መካከል ይጋገራል። በውሃ ፈንታ ናፍጣ የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ መዘውሩ የጎማ ልባስ ካለው ናፍጣ ጎማውን ያበላሸዋል፣ ሰጋቱራውንም ለእሳት ያመቻቸዋል።

ማታ ሥራ ስታቆሙ የባንድሶውን ምላጭ ውጥረት አላሉት። ጠዋት ደሴ ብርዱ ላይ የወጠራችሁትንም እኩለ ቀን ላይ ፈትሹት፤ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል።

አፈር፣ ሚስማር፣ ጥይት

ምላጭ የሚያደነዝዘው እንጨት ሳይሆን አፈር ነው። ግንድ በበሬ ሲጎተት ጠጠሩ ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል። የበርሜል ግማሽ በቁመቱ ተሰንጥቆ እንደ ጫማ ከግንዱ አፍንጫ ሥር ቢታሰር ግንዱ ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል፣ በሬዎቹም ይቀላቸዋል። ከዚያም ከመሰንጠቁ በፊት ቅርፊቱን ላጡት፤ ባሕር ዛፍ በቶሎ ከተላጠ እንደ ሙዝ ነው።

የአጥር ዳር ዛፍ ከሆነ ሚስማርና እሾሃማ ሽቦ ውጦ ይሆናል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ በተላጠው ግንድ ላይ ቀስ ብላችሁ አሳልፉት፤ ላይኛው ላይ ያለ ብረት ካለ ክሩ ይዘነበላል። ጠልቆ የገባውን ግን ማግኔቱ አይደርስበትም። ግንዱ ላይ ሰማያዊ ጥቁር እድፍ ካያችሁ ውስጡ ብረት ሊኖር ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፤ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ አልፏል። ያኔ ቆሞ የነበረ ዛፍ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ውጦ ሊሆን ይችላል። የጥይት እርሳስና መዳብ ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ግንዱ ላይ የተዘጋ ቁስል፣ ያበጠ ጠባሳ ካለ ያንን ቁራጭ ለማገዶም አታድርጉት፤ ለይታችሁ አስቀምጡት። በዛፍ ሥር ወይም በግንድ ውስጥ ምንነቱን የማታውቁት የብረት ዕቃ ካገኛችሁ አትነቅንቁት፣ አትቸርችሩት፤ ለቀበሌና ለፖሊስ አመልክቱ።

ክዳኑ

ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሥራ ይፈጥናል ብዬ የሞተሩን ቺንጋ ክዳን ፈታሁት። ቺንጋው ቶሎ ቶሎ ይወልቅ ስለነበር በየጊዜው ብሎን መፍታት ሰልችቶኝ ነው። የደሴ ጠዋት ነው፤ ጋቢዬን አላወለቅሁም። ጎንበስ ስል የጋቢው ጫፍ ቺንጋው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ትንሽ ስለነበረ ጋቢው ተጠቅልሎበት ቆመ። ትልቅ ሞተር ቢሆን ኖሮ አልቆመም ነበር። አንገቴ ላይ የቀረው ቀይ መስመር ለሳምንት አልጠፋም።

ክዳን ስለሚያስቸግር ከሆነ የምትፈቱት፣ እንዳያስቸግር አድርጋችሁ ሥሩት። በብሎን ፈንታ በሁለት የበር ማጠፊያ የሚከፈት፣ በሽቦ መንጠቆ የሚዘጋ የላሜራ ክዳን በያጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። የባንድሶው ሁለት መዘውሮች ከሚቆርጠው ክፍል በቀር ሙሉ በሙሉ ይሸፈኑ። ምላጭ ሲበጠስ የሚይዘው እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ማጥፊያው ነው። ብዙ ማሽን ላይ ማጥፊያው ሞተሩ ላይ፣ ገፊው ደግሞ በወዲያኛው በኩል ነው። በትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ላይ ማጥፊያው የሚሠራው ከቁልፉ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ነው። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ከዚያው ቀጭን ሽቦ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሁለተኛ ማጥፊያ ገፊው እጅ ሥር ይተክልላችኋል። ወደ ካንዴላ የሚሄደውን ወፍራሙን ሽቦ አትንኩ። ናፍጣ ሞተር ከሆነ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ የነዳጅ መዝጊያውን እንዲስብ ይደረጋል። በየሳምንቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ በእርግጥ እንደሚያጠፋ ሞክሩት።

የማልመክራችሁ

የተበጠሰ የባንድሶ ምላጭ በተራ ኤሌክትሮድ አታስበይዱ። ቀጭን ነው፤ ብየዳው ዳር ይጠነክርና ይሰበራል። ለምላጭ የተሠራ የብየዳ ማሽን ያለው ሰው ካላገኛችሁ ምላጩን ለቢላዋ ስጡት።

ሙሉ ባንድሶ ከመኪና ቸርኬና ጎማ ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በሌላም አገር ብዙ ሰው ሠርቶታል፤ ይሠራል። ግን የኩሽኔታው መቀመጫ በቶርኖ ካልተስተካከለ፣ ሁለቱ ቸርኬዎች በአንድ መስመር ካልቆሙ፣ ጎማው ሚዛኑ ካልተፈተሸ፣ ምላጩ በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ እየሄደ ከመዘውሩ ይወርዳል። በዕቃው አትጀምሩ፤ በስዕሉ ጀምሩ። እዚሁ ኮምቦልቻ የግብርና ሜካናይዜሽንና ምግብ ሳይንስ ምርምር ማዕከል አለ፤ ስዕላችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አማክሩ። ለመዘውሩ ገንዘብ ካጠራችሁ ደግሞ ማገላበጫውና መያዣው ይቅደሙ፤ እነሱ ለሞተር መጋዙም ይሠራሉ።

የተሰነጠቀው ጣውላ ፀሐይ ላይ አይሰጣ። ጥላ ውስጥ፣ በየመሃሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቀጫጭን እንጨቶች እየገቡ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ በአንድ መስመር ይደርደር፤ ከላይ ድንጋይ ይጫንበት። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ስለሚበልጥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታው በጆንያ ከልሉት። ጫፎቹን የተረፈ የዘይት ቀለም ቀቡ። ለሽያጭ ከማጓጓዛችሁ በፊትም በወረዳችሁ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የይለፍ ወረቀት ያዙ፤ ኬላ ላይ የታሰረ ጭነት ስንቱን ትርፍ በልቷል። ኮሶ፣ ዝግባና ዋንዛን ከባሕር ዛፍ ጋር ቀላቅላችሁ እንዳትጭኑ፤ ለእነዚያ ሕጉ ሌላ ነው።

ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ሁለት የተላጡ ግንዶች ተዘጋጅተዋል። አንዱን ሳንገለብጥ፣ አንዱን እየገለበጥን እንሰነጥቃለን፤ ጣውላዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በሲባጎ ለኩ። ማገላበጫውን ሁላችሁም በየተራ ትይዛላችሁ። ጋቢያችሁን እዚሁ ወንበር ላይ ተዉት።